ስምንት ክንድ መጫኛ

እትዬ አልጣሽ ያን የሰኔ ሰሞን እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ ብሏቸው ሰነበቱ። ምክንያቱ ድንጋይ ነው።

ድንጋዩ ከዓለም በር በኩል በባጃጅ ተጭኖ መጥቶ፣ ወረታ ከተከራዩት ቤት ደጃፍ ላይ ተጋድሟል፤ ድቡልቡል፣ ጥቁር፣ የስድስት ወር ሕፃን የሚያህል። ፎገራ ሜዳ ላይ ጭቃ እንጂ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝምና በደጃቸው ያለፈ ሁሉ ቆም ብሎ ይጠይቃል። እሳቸውም ለጠየቀ ሁሉ ይናገራሉ።

«ትሕትና ናት ያስመጣችው። ከዛፍ ላይ በገመድ አንጠልጥላ፣ እስከ አገጯ ስባ ልትለቀው። ከዚያ ሄዶ ሲመለስ ቆማ ልትጠብቀው! ፊቷን ሰጥታ!»

«ታዲያ አይመታትም?»

«አይመታኝም ነው የምትለው። እኔ ምን አውቄ!»

ትሕትና የልጅ ልጃቸው ናት። እናቷ ገና ጡት ሳታስጥላት ስላረፈች፣ ቁሐር ሚካኤል፣ ክረምት ሲገባ ውሃው ደጅ ድረስ በሚመጣበት ቤት፣ እትዬ አልጣሽ ናቸው ያሳደጓት። ለዚህም ነው «እምዬ» የምትላቸው፤ አንቱታ የሚባል ነገር በመካከላቸው የለም። ልጅቱ ተምራ ወረታ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ሆነች፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ባሕር ዳር እየሄደች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። እሳቸውም «ብቻዋን አትሆንም» ብለው የቁሐሩን ቤት ለዘመድ ትተው አብረዋት ከተማ ገቡ። ስትወጣ ይሸኟታል፣ እስክትመለስ በር በሩን ያያሉ። ስልኳ ካልሠራ ደግሞ ወደ መንገዱ ወጥተው የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ይጠይቃሉ።

የድንጋዩ ነገር የመጣው በወላጆች ቀን ሰበብ ነው። ተማሪዎቿ «ፊዚክስ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው» ብለው አንድ ቀን ሲሳሳቁባት ሰማች። «እንግዲያው በሰሌዳ የጻፍሁትን ፊቴን ሰጥቼ የማምነው መሆኑን በወላጆቻችሁ ፊት ታያላችሁ» አለቻቸው። አለች፣ አለቀ። ትሕትና አንዴ ካለች የሚመልሳት የለም፤ በዚህ ደግሞ እትዬ አልጣሽን ነው የወጣችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ዘርግታ ስትጽፍ፣ መነጽራቸውን አድርገው በትከሻዋ በኩል ተንጠራሩ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ማንበቡ አያቅታቸውም። ገጹን የሞላው ግን የፈረንጅ ፊደል ነበር። ከላይ በአማርኛ የተጻፈች አንዲት ቃል ብቻ አገኙ።

«ሃሚልቶኒያን። ማነው እሱ ደግሞ?»

«ስሙ ከሰው የመጣ ነው እምዬ፤ አሁን ግን የቀመር ስም ነው። አንድ ነገር ያለውን ጉልበት ሁሉ ደምሮ የሚይዝ ቀመር።» እርሳሷን አሹላ ድንጋይ ሣለች። «ይኸውልሽ፤ ድንጋዩን ከፍ ስታደርጊው ከከፍታው የሚያገኘው ጉልበት አለ፣ ታምቆ የተቀመጠ። ስትለቂው ደግሞ ከሩጫው የሚያገኘው አለ። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል፤ ድምራቸው ግን ያው ነው። ያንን ድምር በአንድ መስመር አስተካክለሽ ከጻፍሽ፣ ድንጋዩ በየቅጽበቱ የት እንደሚደርስ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ከዚያው መስመር ይወጣልሻል። የእንቅስቃሴው እኩልታ የምንለው እሱን ነው።»

«ድንጋዩ ይህን ያውቃል?»

ትሕትና ሳቀች። «ማወቅ የለበትም። ከተለቀቀበት ከፍታ በላይ የሚወጣበትን ጉልበት ከየትም አያመጣም። አገጬ ጋ ሲደርስ አልቆበት ይመለሳል።»

አልቆበት። ቃሉ ደስ አላቸው፤ ልባቸውም ለጊዜው ረጋ አለ። ግን ዐይናቸው አያርፍምና ከገጹ ግርጌ ሌላ ሥዕል አገኘ፤ እንደ ኮረብታ ያለ ነገር፣ ኮረብታውን ሰንጥቆ ወዲያ ማዶ የሚሻገር የተወዛወዘ መስመርም አለው።

«ይኼስ?»

«እሱ የክረምት ትምህርቴ ነው። ኳንተም ይሉታል። በዐይን ለማይታይ፣ በጣም ለደቀቀ ነገር ነው። ያው የጉልበት ቀመር እዚያም ይሠራል፤ ግን የደቃቁን ነገር ቦታ ቁርጥ አድርጎ አይነግርሽም። የት ሊገኝ እንደሚችል ነው የሚነግርሽ፤ ዕድሉን። አንዳንዴ እንዲያውም ጉልበቱ ከማያደርሰው ቦታ አልፎ ይገኛል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረባት።

እትዬ አልጣሽ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጉልበቱ ከማያደርሰው ቦታ? አልቆበት ከሚመለስበት አልፎ?»

«ለደቃቁ እኮ ነው እምዬ! ለድንጋይ አይደለም።»

«ለድንጋይ ጭራሽ የለም?»

ትሕትና ዋሽታ ብትገላገል በወደደች፤ ግን በትምህርቷ ላይ መዋሸት አይሆንላትም። «እንደ ሒሳቡ... በጣም በጣም ትንሽ ነው። ከፎገራ ሜዳ ሩዝ ሁሉ አንዲት ፍሬ ምልክት አድርጌ ብደባልቃትና አንቺ ዐይንሽን ጨፍነሽ አንዴ እጅሽን ሰደሽ እሷኑ ብታነሺ፣ የዚያ ዕድል ከዚህ ይበልጣል። እጅግ ይበልጣል።»

«ግን አለ።»

«እምዬ...»

«አለ አልሽ እኮ! ራስሽ ነሽ ያልሽው!»

ከዚያን ቀን ወዲያ ያቺ የሩዝ ፍሬ ከዐይናቸው አልጠፋ አለች። የሩዝ ወፍጮ ቤቶቹ በር ላይ የተቆለለውን ገለፈት ባዩ ቁጥር ውስጡ ያለች ይመስላቸዋል። ለጣራ ገዳም ተሳሉ፤ ልጅቷን ከዚህ ድንጋይ አውጣልኝ ብለው። ስለቱም አላስቻላቸውም፤ ቢያንስ ገመዱን እኔ ልምረጥ አሉ። ትሕትና ከገበያ የናይለን ገመድ ገዝታ ነበር።

«ይኼ ያንሸራትታል፣ ይቀልጣል፤ እሱን አላምንም» ብለው ከሣጥናቸው ሥር የሟቹን ባለቤታቸውን የአቶ ገብረማርያምን መጫኛ አወጡ። ከፎገራ በሬ ቆዳ የተገመደ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ስንት ዘመን የአህያ ጭነት የያዘ ነው። ትሕትና ጎትታ፣ ተንጠልጥላበት አየችውና ወደደችው። ከሚታሰርበት እስከ ድንጋዩ ስምንት ክንድ ለክታ፣ ቦታው እንዳይጠፋት ቀይ ክር ቋጠረችበት።

ሐሙስ ዕለት ግቢው ባዶ በነበረበት ሰዓት፣ ከትምህርት ቤቱ ዋርካ ላይ አስራ ሞከረችው። እትዬ አልጣሽ አብረው ሄደው ነበር፤ ስትለቀው ግን ፊታቸውን አዞሩ። ቅርንጫፉ ሲጥ ሲል፣ ቆይቶ እንደገና ሲጥ ሲል ብቻ ሰሙ።

«አየሽ እምዬ? አልነካኝም።»

«አላየሁም» አሏት።

የወላጆች ቀን ቅዳሜ ነበር። ትሕትና ወንበር ለማሰናዳት በጧት ወጣች፤ ድንጋዩ ቀደም ብሎ ተወስዷል። «መጫኛውን ሦስት ሰዓት ላይ ይዘሽልኝ ነይ» ብላቸው ሄደች።

እትዬ አልጣሽ መጫኛውን አንስተው ዳበሱት። እንደ እንጨት ደርቋል። አንድ ቦታ ላይ፣ እጥፋቱ ጋ፣ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ዐዩ፤ ወይም ያዩ መሰላቸው። በእሳቸው አገር ደረቅ መጫኛ ይዞ ጭነት የሚጭን የለም። ገብረማርያም ነፍሱን ይማረውና ገበያ ሊወርድ ሲል መጀመሪያ መጫኛውን ይነክራል፣ ያለሰልሳል፤ ደረቁን ብትስበው ይበጠሳላ! ይህን ይህቺ ልጅ በየትኛው ደብተር ታገኘዋለች? ባልዲ ሞልተው ነከሩት። ነጠላቸውን ፈልገው፣ በሩን ቆልፈው፣ ደግሞ ከፍተው ዐይተው፣ እንደገና እስኪቆልፉ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠጣ። ሲያወጡት እንደ ዓሣ ሆድ ለስልሶ ነበር። በፌስታል ጠቅልለው ባጃጅ ላይ ሲወጡ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላቸው። እንግዲህ ቢያንስ አይበጠስም።

ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ርእሰ መምህሩ አቶ ስማቸው ሰዓታቸውን እያዩ «መምህርት፣ ተረኛዋ አንቺ ነሽ» እያሉ ያጣድፋሉ። ትሕትና መጫኛውን ተቀብላ በቀይ ክሩ ላይ ቋጥራ ልታስር ስትል ጣቷን አየት አደረገች።

«ረጥቧል እንዴ?»

«ጤዛ ነው» አሉ እትዬ አልጣሽ። ለምን እንደዚያ እንዳሉ እሳቸውም አላወቁም።

ድንጋዩ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተንጠለጠለ። ትሕትና በኖራ ካሰመረችው መስመር ላይ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ቆመች፤ ድንጋዩን በሁለት እጇ ስባ አገጯ ላይ አስጠጋችው። ከወላጆቹ መካከል በላቸው የሚባል የሩዝ ወፍጮ ባለቤት አለ፣ በሄደበት ሰው ካላሳቀ የማይሆንለት።

«መምህርት፣ ጥርስሽን ቀድመሽ አስቆጥሪ! ኋላ ስንት ነበሩ ብንባል ምን እንላለን?»

ሰው ሳቀ። ትሕትናም ሳቀች። «አቶ በላቸው፣ ጉልበት ከየትም አይመጣም፣ የትም አይጠፋም። አሁን ያዩታል» አለችና ዐይኗን ጨፍና ለቀቀችው።

እትዬ አልጣሽ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ በጨርቁ ውስጥ ግን ያያሉ። ድንጋዩ ቁልቁል ተምዘገዘገ። ዝቅ ሲል፣ ዝቅ ሲል፣ መሬቱን ድው አድርጎ መታው፤ ጭቃ ረጨ፣ ወደ ጎን ተወርውሮ ተሽከረከረ፣ መጫኛው ተጠማዘዘ፣ ፊት የተቀመጡት ልጆች እየጮሁ ተበተኑ። ማንንም አልነካም። እየተንገዳገደ ሄዶ ዋርካው ሥር ቆመ።

ትሕትና ዐይኗን እንደ ጨፈነች፣ ፈገግ እንዳለች፣ አገጯን ሰጥታ ትጠብቃለች።

ከዚያ በላቸው፣ «መምህርት፣ ዐይንሽን ግለጪ! እንግዳሽ መንገድ ላይ ቀርቷል!» አለ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዐይኗን ስትገልጥ ድንጋዩን አየች፣ መጫኛውን አየች፣ ወደ ቅርንጫፉ አየች።

«ጉልበቱስ? የትም አይጠፋም አላልሽም? የት ሄደ?» አለ በላቸው፤ በክፋት አይደለም፣ ሳቁን ሊያስረዝም ነው።

«አላውቅም» አለች ትሕትና።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እትዬ አልጣሽ ሕፃን ሆና እንኳ «አላውቅም» ስትል ሰምተዋት አያውቁም ነበር፤ የማታውቀውን «ቆይ ላስብ» ነበር የምትለው።

ቤት ገብታ ምግብ አልቀመሰችም። ደብተሯን ከፍታ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ያዘች፤ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ «የቱን ነው የሳትሁት? ሐሙስ ሠርቷል እኮ!» ትላለች። እትዬ አልጣሽ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ የላጡትን ያጥባሉ፣ ያጠቡትን ይረሱታል። ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም እዚያው ወንበር ላይ አገኟት፤ አሁን ግን እርሳሱን አስቀምጣዋለች።

«እምዬ፣ ሰኞ ለልጆቹ ምን እላቸዋለሁ? እኔው የማላውቀውን አምናችሁ ያዙ እላቸዋለሁ?» አለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የክረምቱንም ብተወው ይሻላል መሰለኝ። አንቺም ታርፊያለሽ።»

ታርፊያለሽ። አዎ፣ ያርፋሉ። ዝም ቢሉ ድንጋይ የለም፣ ባሕር ዳር መሄድ የለም፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል እያሉ በር ላይ መቆም የለም። ልጅቱ ከነሙሉ ፊቷ እፊታቸው ትቀመጣለች። የለመኑት ሁሉ በአንዴ ተሰጣቸው ማለት ነው፤ የሚፈለግባቸው ዝምታ ብቻ ነው። ሊቀመጡ ወንበር ሳቡ፣ ሳይቀመጡ መለሱት። ወደ ደጅ ወጡ፣ ተመለሱ። ትሕትና ደብተሩን አጥፋ ከመደርደሪያው ሥር፣ ከማይነበቡት አሮጌ ወረቀቶች ጋር ስታስቀምጠው አዩ። በንዴት አልወረወረችውም፤ አስተካክላ፣ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ ነው ያስቀመጠችው። ያ አስፈራቸው።

«ነክሬው ነበር» አሉ።

«ምኑን?»

«መጫኛውን። በባልዲ። ጤዛ አልነበረም።»

ትሕትና ዞራ አየቻቸው። ፊቷ ቀላ።

«ስጠይቅሽ ጤዛ ነው አልሽኝ!»

«እንዳይበጠስብሽ እኮ ነው! ደረቅ መጫኛ...»

«ሦስት መቶ ሰው ነው የሳቀብኝ እምዬ! ሁለት ቀን ሙሉ አብጄ ስታይኝ ዝም አልሽ!»

«ዝም አልሁ» አሉ እትዬ አልጣሽ። «ብናገር መልሰሽ ፊትሽን ትሰጪዋለሽ ብዬ።»

ምሳ ቀረበ፤ በአንድ ገበታ ቀርበው ቃል ሳይለዋወጡ በሉ። ጉርሻ እንኳ ሊያጎርሷት እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። ገበታው ሳይነሣ ትሕትና ድንገት ቀና አለች።

«ምን ያህል ቆየ ውሃው ውስጥ?»

«ነጠላዬን እስክፈልግ... ግማሽ ሰዓት ይሆናል።»

«ሁሉም ገብቶ ነበር? ጫፉም?»

«ሁሉም።»

እጇን ሳትታጠብ ተነሣች፤ ደብተሩን ከመደርደሪያው ሥር አወጣችው። «የራሰ ቆዳ ሲጫን ይሳባል! ድንጋዩ ታች ሲደርስ ደግሞ ከክብደቱ በላይ ነው ገመዱን የሚስበው፤ ስለዚህ ይበልጥ ይሳባል። እኔ ርዝመቱን የማይለወጥ አድርጌ ነው የጻፍሁት፤ ስምንት ክንድ፣ አለቀ። ርዝመቱ በየቅጽበቱ ከተለወጠ ግን ቀመሩ ውስጥ ጊዜ ይገባል፣ ድምሩም እንዳለ አይቆይም።» እየተናገረች ትጽፋለች፤ አንድ ቦታ ላይ የቆመውን ፊደል ሰርዛ ሌላ ተካችበት።

«ታዲያ ጉልበቱ ጠፋ?» አሉ እትዬ አልጣሽ በፍርሃት።

«አልጠፋም። ግማሹ መጫኛሽን ስቧል፣ ግማሹ መሬቱን ደብድቧል።» ከዚያ ቀና ብላ፣ ገና ትንሽ እንደ ተቀየመች፣ «እንደገና እንዳትዋሺኝ» አለቻቸው።

«አልዋሽም። አንቺ ግን አትቁሚለት።»

«እቆምለታለሁ።»

መጫኛውን ሦስት ቀን ሙሉ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር በፀሐይ አደረቁት፤ ድንጋዩም ተንጠልጥሎበት ዋለ፣ ሊሳብ የሚችለውን ሁሉ ተስቦ እንዲጨርስ። ትሕትና ስትለካው ርዝማኔው ስምንት ክንድ ከስንዝር ሆኖ አገኘችው፤ በዚያው ልክ ከፍ አድርጋ አሰረችው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቿን ሰብስባ ቅዳሜ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ መጫኛው ባልዲ ውስጥ መዋሉን ስትናገር ልጆቹ ዞር ብለው እትዬ አልጣሽን አይተው ሳቁ። በላቸውም ወሬ ሰምቶ ኖሮ ወፍጮውን ትቶ፣ ገለፈት ፀጉሩ ላይ እንደ ተበተነ መጥቶ ከኋላ ቆሟል።

«እትዬ፣ ዛሬስ ደርቋል?» አላቸው።

«የአንተ ምላስ ነው እንጂ የማይደርቀው፣ እሱስ ደርቋል።»

ትሕትና መስመሩ ላይ ቆማ ድንጋዩን አገጯ ላይ አስጠጋችው፤ ዛሬ ዐይኗን አልጨፈነችም። እትዬ አልጣሽም ከመስመሩ ኋላ አጠገቧ ቆመው፣ ፊታቸውን እንዳያዞሩ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነከሱ። ለቀቀችው። ድንጋዩ ወረደ፣ መሬቱን ሳይነካ አለፈ፣ ወዲያ ማዶ ወጣ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። እየተለቀ፣ እየተለቀ መጣ፤ ከአገጯ ሊገጥም አንድ ጣት ሲቀረው ቆም ብሎ ወደ ኋላ ወረደ።

ልጆቹ እልል አሉ። ትሕትና በደስታ ፊቷን ወደ እነሱ አዙራ፣ «አያችሁ? አሁን እኩልታውን...» እያለች ወደ ሰሌዳው ለመሄድ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደች። ከመስመሩ ወጣች። ድንጋዩ ከማዶ ዞሮ በጀርባዋ እየመጣ ነው።

እትዬ አልጣሽ አልጮሁም፤ ለመጮህ ጊዜ አልነበረም። ዘለው በቀሚሷ ይዘው ወደ ኋላቸው ጎተቷት፤ እሷ ወደ ኋላ ስትወድቅ እሳቸው ወደ ፊት ተሽቀንጥረው መስመሩ ላይ ቀሩ። ቀና ሲሉ ድንጋዩ ነው። ኋላቸው ልጅቱ አለች፤ ፈቀቅ ቢሉ ወደ እሷ ነው። እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ቆሙ። ጥቁሩ ነገር መጣ፣ ዐይናቸውን ሞላው፣ ላዩ ላይ የደረቀው ጭቃ ሳይቀር ታያቸው፤ ከፊታቸው አንድ ስንዝር ሲቀረው ተንፍሶ እንደ ደከመ ሰው ቀስ ብሎ ተመለሰ።

በላቸው ከኋላ ቆሞ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እምዬ፣» አለች ትሕትና ከመሬት እየተነሣች፣ «ነይ፣ ውጪ። ከእንግዲህ እያጠረ ነው የሚሄደው፣ አይደርስም።»

ድንጋዩ እንደገና ማዶ ደርሶ ዞረ። እትዬ አልጣሽ እጃቸውን አላጠፉም።

«አንቺ ሂጂ፣ አስተምሪ» አሏት ዘወር ሳይሉ። «እኔ ይኼን አየዋለሁ።»